ወይኑን አንቱ ይል የነበረው አያ ፈንቴ

አያ ፈንቴ ማረፉን የሰማሁት አዘዞ ታክሲ ተራ ሰልፍ ይዤ ነው። የደብራችን ዘበኛ ደውሎ «ሲስተር፣ አያ ፈንቴ አረፈ። ቀብሩ ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው» አለኝ። «ነፍስ ይማር» ብዬ ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁና፣ እዚያው ሰው መሀል ቆሜ ሁለት እጆቼን ገልብጬ አየሁ። የሚኒባሱ ረዳት «ማዘር፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው? እኒህ እጆች የአያ ፈንቴን ወይን በአመድ ውሃ ያጠቡ እጆች ናቸው። ያን ሰው እንደ እኔ የበደለው የለም፤ እንደ እኔ የጠቀመውም የለም። ሁለቱንም ያደረግሁት በአንድ ረፋድ ነው።

አያ ፈንቴ ቄስ አልነበረም፣ መሪጌታም አልነበረም። ዕድሜውን የፈጀው በአንድ የግብርና ማሠልጠኛ ውስጥ፣ የወይን ማሳ ጠባቂ ሆኖ ነው። ባለሙያዎቹ ይመጣሉ፣ ሁለት ዓመት ይቆያሉ፣ ይሄዳሉ፤ እሱ ግን ከወይኑ ጋር እዚያው። ጡረታ ሲወጣ ከሦስት ዓይነት ወይን አንዳንድ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ወደ ደብራችን መጣና አስተዳዳሪውን «ደመወዝ አልፈልግም፤ ቦታ ስጡኝ፤ ሰው እንዳይነካብኝ ብቻ» አላቸው። የቁርባኑ ኅብስት ከሚጋገርበት ከቤተልሔሙ ግድግዳ ሥር ሰጡት። እኔ ከጤና ጣቢያ ጡረታ ወጥቼ ደብሩን ማዘውተር ስጀምር ወይኑ አድጎ፣ በእንጨት ርብራብ ላይ ተንሰራፍቶ፣ ግቢውን ግማሽ አጥልቶት ነበር።

የተዋወቅነው በጩኸት ነው። ከቅዳሴ በኋላ ጥላው ሥር አረፍ ብዬ፣ አንዱን የጥቁር ወይን ዘለላ አየሁት። አቧራ የጠጣ መሰለኝ። ነርስ ነኝና እጄ አያርፍም፤ በነጠላዬ ጫፍ አንዷን ፍሬ ጠረግ አደረግኋት።

«እጅሽን! እጅሽን አንሺ!» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። ቀና ብል አንድ ቀጭን ሽማግሌ፣ ካኪ ካፖርት የለበሰ፣ መሰላል ላይ ተንጠልጥሎ በመቀስ ይጠቁመኛል።

«ምነው አያ፣ ምን አጠፋሁ? አቧራ ጠረግሁልህ እንጂ!»

«አቧራ? አቧራ አለች!» ብሎ ለቅጠሉ ነገረው። ከመሰላሉ ወረደና ያቺን ፍሬ እያየ እንደ ታመመ ልጅ እናት ከንፈሩን መጠጠ። «ሰም ነው እመቤቴ። ራሳቸው አውጥተው ራሳቸው የለበሱት ሰም። አንቺ አሁን ሰው ፊት ልብስ አወለቅሽባቸው። ገበያ መሀል አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ብትገፍፊያቸው ሸጋ ነው?»

ሳቄ መጣ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ነርስ መሆኔን ሲሰማ ደግሞ ሌላ ነገር አሳሰበው፤ የዓይን ጠብታ የሚሸጥበትን ትንሽ ብልቃጥ አምጪልኝ አለኝ። በሳምንቱ ባዶውን አመጣሁለት። ውሃ ሞላበትና፣ ያን ቀን ያሳየኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። በጥቁሩ ፍሬ ላይ አንድ ጠብታ ጣለ፤ ጠብታዋ ድቡልቡል እንዳለች ተንከባላ ወደቀች፤ ፍሬው ደረቅ ነው። በነጩ ፍሬ ላይ ሌላ ጣለ፤ ያችኛዋ ተንጣልላ ተኛች። «አየሽ? እኒህ ባለጋቢ ናቸው። ይህቺ ደግሞ ባለነጠላ ናት፤ ስታብረቀርቅ ቆንጆ ትመስላለች እንጂ ዝናብ ሲመጣ የሚያስጠልላት የለም፤ ሻጋታው መጀመሪያ የሚበላት እሷን ነው።» ከዚያ የሦስተኛውን ወይን ቅጠል ገልብጦ ጀርባውን አሳየኝ፤ ነጭ ሱፍ የመሰለ ፀጉር አለው። «ይኼ ባለበርኖስ ነው። ፍሬው ለዓይን አይሞላም፤ ቅጠሉ ግን ብርድም ተባይም አይደፍረውም። ሁሉም ወይን ነው ይሉሻል፤ ውሸት ነው። አለባበሳቸው ለየቅል ነው።»

አሁን አንባቢ «ታዲያ ምን አለበት፣ ዐዋቂ ሰው ነው» ይል ይሆናል። ቆዩ፣ ገና ነው። አያ ፈንቴ ራሱን ሰው አንቱ ሲለው ይቆጣል። «አያ ካላችሁኝ በቂ ነው፤ ሁለት ጊዜ አታክብሩኝ» ይል ነበር። ጥቁሩን ወይን ግን አንቱ ነበር የሚለው! ጠዋት ይመጣና ባርኔጣውን አንሥቶ «እንደምን አደሩ? ብርዱ እንዴት ነበር?» ይላል። ወደ ነጯ ዞሮ «አንቺስ፣ ዛሬም እንዲሁ ተራቁተሽ ነው?» ይላታል። ባለበርኖሱን «እህ፣ አለህ?» ብሎ ያልፈዋል። አንድ ቀን ምነው ብዬ ብጠይቀው ገርሞት አየኝ። «ጋቢ ተከናንበው የተቀመጡትን አንተ ልበላቸው?» አለኝ።

ብልቃጡንማ ምነው ባልሰጠሁት ያሰኘኝ ቀን አለ። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚኒባስ አብረን ስንሄድ፣ ፊት ለፊታችን የቆዳ ጃኬት የለበሰ ጎረምሳ ተቀምጧል። አያ ፈንቴ ጃኬቱን ትኩር ብሎ አየ፣ አየና ብልቃጡን አውጥቶ ትከሻው ላይ ጠብ አደረገለት። ልጁ ዞሮ «ምንድን ነው?» አለ። አያ ፈንቴ ግን ከእሱ ጋር አይደለም፤ ጠብታዋን እያየ ነው። «ተኛች፤ ተታልለሃል ልጄ፤ ይኼ ባለነጠላ ነው» አለው። ልጁ ጸበል መስሎት አማተበ! ከኋላ ያለችው ሴትዮም «አባ፣ ለእኔም» ብላ እጇን ዘረጋች። ፒያሳ እስክንደርስ የሚኒባሱ ሰው ሁሉ ተረጭቶ፣ ጫማና ጃንጥላ ሳይቀር በየአለባበሱ ተመድቦ ወረደ። እኔ በኀፍረት መስኮት መስኮቱን ሳይ ነበር።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ከንስሐ አባቱ ጋር የነበረው ነገር ነው። ካህኑ ደግ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ጥላው ሥር ሲያልፉ አያ ፈንቴ ራሱ «ይቅመሱ» ብሎ የጥቁሩን ፍሬ ሰጣቸው። እሳቸውም እንደ ማንኛውም ሰው ቀሚሳቸው ላይ ፈተግ ፈተግ አድርገው ጎረሱ። በቃ። አያ ፈንቴ አኮረፈ። ይኼን ያህል ዓመት! መስቀል ይሳለማል፣ «እንደምን አደሩ» ይላል፣ ንስሐ ግን አይገባም። ንስሐ ካልገባ አይቆርብም። ባለቤቱ ወይዘሮ ሙሉ «ፈንቴ፣ ዕድሜያችን እየሄደ ነው፤ አብረን እንቁረብ» ስትለው «ቀሚሱ ላይ ፈተጋቸው እኮ» ይላታል። ይኼ ነው ምክንያቱ። ወላዲተ አምላክን፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ወይዘሮ ሙሉ ሳቂታ፣ ትንሽዬ፣ ምላሷ የማይታጠፍ ሴት ነበረች። ልቧ ታመመ። በሽታዋን ስለማውቀው ቤቷ እየሄድሁ ግፊቷን እለካላት ነበር፤ ብዙ ጊዜ እንደሌላት እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። አንድ ቀን ባሏን አልጋዋ አጠገብ አስቀምጣ፣ እኔ እየሰማሁ «ለፍልሰታ እቆርባለሁ። ብቻዬን አልቆርብም። ካህኑን ታረቅ» አለችው። አያ ፈንቴ ተነሥቶ ወጣ። ምን ሊያደርግ ነው ብለን ስንፈራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰና «ታረቅሁ። ማሩኝም አለኝ፤ ማርሁት» አለ። ካህኑ ምን አጥፍተው ይቅርታ እንደጠየቁ እስከ ዛሬ ይገርማቸዋል።

እንዲህ ብለን ነገሩ አለቀ ስንል፣ በግንቦት መጨረሻ አስተዳዳሪው ከቅዳሴ በኋላ ወጡና ዘቢብ እያለቀ ነው አሉ። መንገዱ የተዘጋበት ሰሞን ነው፤ ነጋዴው አልገባልኝም አለ፤ ሌሎቹ አድባራትም እንደኛው ናቸው። በእጃችን ያለው እስከ ሐምሌ ቢያደርስ ነው። ለፍልሰታ ግን በየቀኑ ይቀደሳል፤ ዘቢብ ከሌለ ደግሞ ቁርባን የለም። አያ ፈንቴ ከኋላ እጁን አወጣ። «ወይኑ ደርሰዋል» አለ። «አድርቄ ዘቢብ አደርጋቸዋለሁ።»

ያን ቀን ያልመረቀው ሰው አልነበረም። ግን ማድረቅ ማለት ቀላል መሰለን። ነጯ ቀድማ ደርሳ ስለነበር በመጀመሪያው ዝናብ ሻገተች፤ ከእሷ የተረፈ የለም። የባለበርኖሱ ፍሬ ለእፍኝም አይሞላ። የቀረው ጥቁሩ ነው። አያ ፈንቴ ዘለላውን በሁለት ጣት፣ በግንዱ በኩል ብቻ እየያዘ ለቀመና ቤተልሔሙ ጀርባ ቆጥ ሠርቶ ዘረጋው። ፀሐይ ወጣ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። ፍሬው እንደ ተለቀመበት ቀን ተወጥሮ ተቀምጧል! በስምንተኛው ቀን ሄጄ ሳየው አልጨማደድም ብሏል።

«ምነው አያ፣ እነዚህ አይደርቁም እንዴ?»

«ልብሳቸው ነው» አለኝ ወደ መሬት እያየ። «ዝናቡን እንዳያስገቡ የለበሱት፣ የውስጡንም ውሃ አያስወጣም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እንጃ» አለኝ። ዓይኔን ግን አላየኝም። ክረምቱ ደርሷል፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ከላይ ከወገራ በኩል እየጠቆረ ይመጣል። ሙሉ ደግሞ በየቀኑ «ዘቢቡ ደረሰ?» ትላለች።

በዚህ መሀል ነው እንግዶች ይመጣሉ የተባለው። እንግዳ ይመጣል ሲባል እኛ ሀገር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የአቀባበል ኮሚቴ ተቋቋመ፣ የጽዳቱ ሰብሳቢ እኔ ሆንሁ። ድንጋዩ ሁሉ ኖራ ተቀባ። የዛፉ ግንድ እስከ ወገቡ ኖራ ተቀባ። ዘበኛው አውልቆ ያስቀመጠው ቦቲ ጫማ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ እኔና አራት ሴቶች ቤተልሔሙ ጀርባ ስንደርስ ያን ሁሉ አቧራ የለበሰ ወይን አየነው። አንደኛዋ «ውይ፣ ይኼን እንግዳ ቢያየው! ለመሥዋዕት የሚሆነው እንዲህ ነው?» አለች።

እኔ ሰም መሆኑን አውቃለሁ። ተነግሮኛል፣ በጠብታም አይቼዋለሁ። ግን ሰብሳቢነት ክፉ ነገር ነው። አያ ፈንቴ ሙሉን ሐኪም ቤት ወስዷት ነበር፤ የሚከለክለን የለም። «እናጥበው» አልሁ። ሳሙና ያመጣችውን «ሳሙናማ ነውር ነው፣ ለቤተ መቅደስ የሚሆን ነገር!» ብዬ ተቆጣሁ። እንደ እናቶቻችን አድርገን የእንጨት አመድ በሳፋ በጠበጥን፤ ዘለላውን እየነከርን፣ አሸት አሸት እያደረግን፣ በንጹህ ውሃ እያለቀለቅን መለስነው። ሲያልቅ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል። አምስታችን ቆመን አደነቅነው፤ አንዷ እልል አለች።

እንግዶቹ አልመጡም።

አያ ፈንቴ መጣ። ቆጡን ከሩቅ ሲያየው ጀምሮ እርምጃው ተቀየረ። ብልቃጡን አወጣና አንድ ጠብታ ጣለ። ጠብታዋ ተኛች። ሌላ ፍሬ ላይ ጣለ፤ ተኛች። «ማን ነው?» አለ። «እኔ ነኝ አያ» አልሁት። ይጮኻል ብዬ ነበር፤ ምነው በጮኸ! ካፖርቱን አውልቆ፣ ጋቢውን አውልቆ፣ ጋቢውን ቆጡ ላይ አለበሰና በሸሚዝ ብቻ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ። የሙሉ ቁርባን በእጄ ጥፋት ቀረ ብዬ ነው ያለቀስሁ፤ ያልደረቀ ወይን ሰሙ ከተገፈፈ ዝናብ ባየበት ቀን ይበሰብሳላ!

ሲያለቅስ ያየው ሰው ሁሉ ደግሞ ሌላ ነገር ገመተ። ሚስቱ መታመሟን ያልሰማ የለም፤ ሸሚዝ ለብሶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚያለቅስ ባል ማየት በቃ። አንዱ መጥቶ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው፤ እሱም «አሜን» አለ! ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ፤ ለሁሉም «አሜን» ይላል። በማግስቱ ጠዋት የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ተሸክመው ቤቱ ደረሱ። ካስማ ሲመታ ሙሉ በመስኮት «ምነው፣ ማን ሞተ?» አለች። የዕድሩ ዳኛ መዶሻውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። «አንቺ… እርስዎ ነዎት ተብለን ነው» አላት።

«እኔ ሞቼ ቢሆን ፈንቴ ይነግረኝ ነበር» አለችው። ሳቋ ሲያልቅ ነገሩን ጠየቀች፤ ነገሯት። «እንግዲያውስ ድንኳኑን ወደ ደብሩ ውሰዱት። ወይኑ ዝናብ እንዳይነካው ከላዩ ትከሉለት። እኔ ለጊዜው አልፈልገውም» አለች። ከዚያ እኔን አስጠራችኝ።

እግሯ ላይ ወድቄ ይቅር በይኝ ልላት ነበር። «ዝም በይና ተቀመጪ» አለችኝ። «በአመድ ውሃ ነው አሉ ያጠባችሁት? በጄ። ሦስት አራት ቀን ፀሐይ ካገኘ ይደርቃል።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? ፈንቴ ማሠልጠኛው ውስጥ በየዓመቱ ያ ነበር ሥራው። አመድ ውሃ ውስጥ ይነክራል፣ ሰሙ ይለቃል፣ ውሃው ይወጣል፣ ይደርቃል። የሌላ ሰው ወይን ነበራ ያን ጊዜ!» እየሳቀች ጀምራ መሀል ላይ አቆመች። «ያውቃል ሲስተር። ከመጀመሪያውም ያውቃል። እኔን አልጠላኝም፤ እጁ እምቢ ብሎት ነው። አንቺ ሳታውቂ አደረግሽለት። ግን እኔ ማወቄን እንዳትነግሪው። ካወቀ በኀፍረት ይሞትብኛል፤ መቅደም ያለብኝ ደግሞ እኔ ነኝ።» አስማለችኝ፤ ማልሁ።

እንዳለችውም ሆነ። የዕድሩ ድንኳን ቤተልሔሙ ጀርባ ተተከለ፤ ፀሐይ ሲወጣ ሸራውን እንገልጣለን፣ ደመና ሲመጣ እንሸፍናለን። በአራተኛው ቀን ፍሬው ተጨማደደ፣ በስድስተኛው ዘቢብ ሆነ። አያ ፈንቴ አንዷን አንሥቶ ቀመሰ። «ጣፍጠዋል» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ፍልሰታ ገባ። በመጀመሪያው እሑድ ሙሉን በባጃጅ አመጣናት። ባልና ሚስት ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከሕፃናቱ ቀጥሎ ቆረቡ። ሲወጡ ሁለቱም አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ነበርና መናገር የለም። ሙሉ ግን በዓይኗ ፈልጋ አገኘችኝና ጠቀሰችኝ፤ የታመመች ሴት እንዲያ ስትጠቅስ አይቼ አላውቅም።

በጥቅምት ዐረፈች። ድንኳኑ በዚህ ጊዜ ትክክለኛ ቦታው ተተከለ።

አርባዋ ካለፈ በኋላ አያ ፈንቴ ቤቴ መጣ። ሻይ ቀዳሁለት፤ ጭራሽ አልነካውም። «ሲስተር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትቆጪኝ» አለ።

«ተናገር አያ።»

«አመዱን አውቀው ነበር። እሷ አልጋ ላይ እየደከመች፣ እኔ ስምንት ቀን ወይኑ ፊት ቆሜ ልብሳቸውን አላወልቅም አልሁ። ስምንት ቀን! ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ። ለሙሉ ግን መንገር አቃተኝ፤ ሳልነግራት ሄደች።» ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረው። «እንኳንም አላወቀች። አውቃ ቢሆን፣ ያን ቀን አብራኝ ትቆርብ ነበር?»

ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። አውቃም ነው አብራህ የቆረበች ልለው አፌን ከፈትሁ። መሐላው ያዘኝ፤ «ሻይህ ቀዘቀዘ» አልሁት።

ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ከሙሉ ጎን ቀበርነው። ካህኑ ፍትሐቱን ሲጨርሱ፣ ሰዉ ሲበተን፣ እኔ መቃብሩ አጠገብ ትንሽ ቆየሁ። መሐላዬን እስከ መጨረሻው ጠብቄያለሁ። «በይ እንግዲህ ሙሉዬ፣ ራስሽ ንገሪው» አልሁና ወደ ሚኒባሱ ሄድሁ።